ትራስ

ዐሥራ ስድስት ክፍል፣ ሠላሳ ሁለት አልጋ፤
አንሶላ ሲገፈፍ፣ አንሶላ ሲዘረጋ፣
አሁን ገና መስሎኝ ሌሊቱ የነጋ፣
ቀኑ ወደ ማታ ሳላየው ተጠጋ።

ከየአገሩ ይመጣል ሐይቁን የሚሳለም፤
አልጋውን ሳነጥፍ ግን ቀና ብሎ አያየኝም።
ደረቴ ላይ ያለው ታርጋ «ሲሲ» ይላል፤
ስርጉት ብሎ መጥራት ምላስ ያሰናክላል።

ኦስናት አለቃዬ፣ ሰዓቷን እያየች፣
«ማሄር፣ ሲሲ፣ ማሄር!» ስትለኝ ነው የዋለች።
ቶሎ በይ ማለቷ ነው።
ክፉ እንኳ አይደለችም፤ ከእሷም በላይ ያለ
ስልኳ ላይ ተጭኖ «ማሄር» እያለ ነው የዋለ።
አውቶቡሱ አቃስቶ ዳገቱን ሲሰብር፣
ጎማውም ይለኛል፦ ማሄር፣ ማሄር፣ ማሄር።

ቤት ገብቼ ምስሩን ጣድኩት።
ስልኬን ከዱቄቱ ዕቃ ኋላ ደበቅኩት።
ነጠላዬን ከበሩ ጀርባ አወረድኩት።
መብራት አላበራሁም፤ ብርሃን ገና አለ፤
ከማዶ የጎላን ግድግዳ ቀልቶ ፍም መሰለ፤
ሐይቁም ከበታቹ ሰማዩን አዘለ።

ምሥራቅ በዚህ ቤት ውስጥ የወጥ ቤት መስኮት ነው፤
ከሳሙናው ጠርሙስ በላይ ጥብርያዶስ የሚታየው።
በስመ አብ ብዬ አማተብኩ። ጣቶቼ
ክሎር ክሎር ይሸታሉ፤ ደንዝዘዋል እጆቼ።

አርባ አንድ ልቆጥር መቁጠሪያዬን ያዝኩኝ፤
«እግዚኦ መሐረነ»፣ አንድ፣ ሁለት አልኩኝ፤
ሰባት ላይ ስደርስ ግን፣ ሳላስበው ድንገት፣
ሦስት መቶ ሰባት ሆነ፣ ያ ፎጣ የጎደለበት።
ስምንትም ክፍል ሆነ፣ ስኳር የተደፋበት፤
ዘጠኝም ያቺ ሴት፣ ትራሷ በእንባ የራሰባት።
ምላሴም ከዳችኝ፤ ጌታዬን እያልኩት
«እግዚኦ ማሄር፣ እግዚኦ ማሄር» ብዬ አረፍኩት።

ሳቅኩኝ።
ሳቄ ሲያልቅ እንባ ነበር፤ እንባው ሲያልቅ ዝም አልኩ።
ቀኑን ሙሉ ጆሮዬን የደበደበው ቃል
ጥቂት ቢያረግቡት ምሕረት ይወጣዋል።

እንግዲያስ ይሁና! ክፍሎቼን አልሸሽም፤
ለሦስት መቶ ሰባት፣ ፎጣውን ለወሰደው፣ መሐር።
ስኳር ለደፋው ልጅ፣ እናቱ ለቆጣችው፣ መሐር።
ለዚያች ስሟን ለማላውቃት፣ ትራሷ ለራሰባት፣ መሐር።
ለኦስናት። ለኦስናት አለቃ። ስልካቸው ለማያርፈው።
ለአመተ ሥላሴም፣ ሲሲ ለምትባለው፣
ወገቧን ለሚያማት…
እዚህ ላይ ቆየሁ።

ከመስኮቱ ወዲያ፣ ሐይቁ ላይ፣ አንዲት ጀልባ
ቱሪስት ጭና፣ አምፖል አብርታ፣ ወደ ወደብ ስትገባ፣
ትዝ አለኝ፦ በዚሁ ውሃ፣ ማዕበል ሲያናውጠው፣
እርሱ ተኝቶ ነበር፤ ትራስ ተንተርሶ፣ ድካም አሸንፎት ነው።
ስለ ማዕበሉ ስንቱ ሰበከ፤ ስለ ትራሱ ማን ጠየቀ?
ማን ሰፋው? ማን አጠበው? ማን ነው በፀሐይ ያደረቀ?
አንዲት ሴት፣ እላለሁ፤ አንዲት የቅፍርናሆም ሴት፣
እጇ የሻከረ፣ ወገቧን የሚያማት፣
ባሏ ወይ ልጇ ሲደክመው እንዲያርፍበት ያኖረችው፤
ማን እንደሚተኛበት ያልነገሯት፣ እሷም ያልጠየቀችው።

ነገም ዐሥራ ስድስት ክፍል። ሠላሳ ሁለት አልጋ።
ትራሱ ስልሳ አራት።

ምስሩ አሯል፤ ይሸታል። አርባ አንዱም አልሞላ፤
ስንት ላይ እንደደረስኩ እንጃ።
ነጠላዬን ሳጥፍ፣ ታርጋው ደረቴ ላይ አለ፤
ነቀልኩት፣ በፊቱ ደፋሁት ከሳሙናው ጎን።
ጎላን ጠቆረ።
መብራቱን አበራሁ። ማንም አላቻኮለኝ፤
ቀስ ብዬ፣ ያረረውን ፋቅኩ።